ባሕር ዳር ቤት ልትገዙ ነው? ከቀብዱ በፊት ቦይለሩን አስፈትሹ

ሰሞኑን አንዲት እህት አባይ ማዶ ልትገዛው ያሰበችው ቤት ባለጋዝ የሻወር ቦይለር አለው። «ማንን ወስጄ ላሳየው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም አምና ቤት ስገዛ በዚሁ ነገር ስለተንከራተትኩ ያየሁትን ልጠቁም።

መጀመሪያ ባለሙያው። ሦስት ሰው ሞክሬያለሁ። ደላላው ያመጣው ውሃ ከፈተ፣ ሞቀ፣ «ምንም የለውም» ብሎ ሄደ። አምስት ደቂቃ አልቆየም። ሁለተኛው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። የውሃውን መስመር በደንብ አየልኝ፤ ጋዝ ግን እንደማይነካ ፊት ለፊት ነገረኝ፣ በዚህም አከበርኩት። የጠቀመኝ ሦስተኛው፣ የሆቴል ኩሽና ጋዝ የሚዘረጋው ሰው ነው። የሳሙና አረፋ በጥብጦ ከሲሊንደሩ ሬጉሌተር (የጋዙን ግፊት ከሚቀንሰው ዕቃ) ጀምሮ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ቀባ። አንዱ ላይ አረፋው ተነፋ። ያፈስ ነበር ማለት ነው። የጋዙ ጎማ ላይ የታተመውን ዓመተ ምህረትም አሳየኝ፤ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ከተማችን ሆቴል የሞላባት ስለሆነች እንዲህ ያለ ባለሙያ አይጠፋም። ሂሳቡን ግን ራሳችሁ ክፈሉ። ሻጭ የከፈለው ሰው የሚሠራው ለሻጭ ነው።

ከማፍሰሱ በላይ ያስደነገጠኝ ቦይለሩ የተሰቀለበት ቦታ ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ! ጭስ ማውጫ የለውም፣ መስኮቷም በላስቲክ ተደፍናለች። ቤት ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ሰው እንደሚገድል ሁላችንም እናውቃለን። ይሄም ያው ነው። ጋዝ አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ አይታይም፣ አይሸትም። ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ካዞራችሁ ወይም ካቅለሸለሻችሁ ወዲያው ውጡ። እሳቱንም እዩት። ቢጫ ከሆነና ጥላሸት ከተወ ችግር አለ፤ ሰማያዊ መሆኑ ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሯ ሳሳ ይላል። ለቆላ የተስተካከለ ቦይለር እዚህ በደንብ ላይነድ ይችላል። ባለሙያውን ይህንንም ጠይቁት።

ስለ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ለጠየቃችሁኝ፦ ሁለቱን አታምታቱ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል፤ የእሱ መሣሪያ ዝቅ ብሎ ነው የሚሰቀለው። የካርቦን ሞኖክሳይዱ ሌላ ዕቃ ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ጋዝ ከሸተታችሁ ደግሞ መብራት አታብሩም፣ አታጠፉም፤ በር ከፍታችሁ ሲሊንደሩን መዝጋት ነው።

ጋዙን ነቅለን በሌላ እንተካ ለምትሉ፣ የኤሌክትሪኩ ከጭስ ይገላግላል። ግን 2,000 ዋት የሆነው በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ስለሚስብ ቀጭን ገመድ አይችለውም። ኧርዝ (ያፈሰሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው መስመር) መኖሩን ኤሌክትሪሺያን በመሣሪያ ይለካ፣ ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው ሴፍቲ ቫልቩም እንዳይደፈን። መብራት ሲጠፋ ያው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ሶላር ለእኛ ፀሐይ ተስማሚ ነው፣ ክረምት ላይ ግን ደመናው ሲከብድ መደገፊያ ይፈልጋል። እኔ ጋዙን አልጣልኩትም። ከዝናብና ከነፋስ በተከለለ የውጭ ግድግዳ ላይ አዛወርኩት፣ ጎማና ሬጉሌተሩን በአዲስ ቀየርኩ። ወጪውን ሻጩ ከቤቱ ዋጋ ላይ ቀነሰልኝ።

እህቴ፣ ቦይለሩን ለባለሙያ ልታሳዪ ስትሄጂ «ሲሊንደሩ ባዶ ነው፣ አሁን ማብራት አይቻልም» ሊሉሽ ይችላሉ። እኔንም ብለውኛል። ሙሉ ሲሊንደር መጥቶ ባለሙያሽ ፊት እስኪበራ ቀብዱን ከቦርሳሽ አታውጪ።