እንግዳ ሲመጣ ትኋን እንዳይገባ፦ ከሞከርኳቸው የምጠቁማችሁ

በዓል ሲቃረብ ይህን የምትጠይቁኝ ትበዛላችሁ። «ዘመድ ከክፍለ ሀገር ሊመጣ ነው፤ ትኋን ይዞብን ቢመጣስ?» ጥያቄው ያሳፍራል። እንግዳን እንደ መጠርጠር ነው። እኔም አልፌበታለሁና የማውቀውን ልንገራችሁ።

አክስቴ ከደሴ መጥታ ሁለት ሳምንት እኛ ጋ ሰነበተች። በሄደች በሳምንቱ የልጄ ክንድ ላይ በሰልፍ የተደረደረ ቀይ እብጠት ወጣ። ፍራሹን ስገለብጠው ስፌቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አየሁ። በእርጥብ ጨርቅ ስነካው ቡናማ ሆኖ ተለቀለቀ፤ የትኋን ኩስ ነው። ለአክስቴ ምንም አላልኳትም፤ ሆዴ ግን ተቀየማት። ወራት አልፎ ባለሙያ ጠርተን የአልጋውን ራስጌ ስናስፈታ የብሎኖቹ ቀዳዳ ውስጡ ጠቁሮ፣ የትኋን ቅርፊት ሞልቶት አገኘነው። ራስጌውን ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው የገዛነው አክስቴ ከመምጣቷ ሁለት ወር ቀድሞ ነው። ለካ እሷም እኛ ቤት ስትነከስ ነው የሰነበተችው። ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥቆማዬ ይኸው ነው። እንግዳውን ከመጠርጠራችሁ በፊት በቅርብ የገዛችሁትን ያገለገለ አልጋና ሶፋ በባትሪ መብራት ፈትሹ። ትኋን አይበርም፣ አይዘልም። ተሸክመነው ነው የሚመጣው። ከቤት ንጽሕና ጋርም አይገናኝም። ቅማል ግርሻንና ተስቦን ያስተላልፋል፤ ትኋን ግን በሽታ እንደሚያስተላልፍ አልተረጋገጠም። እንቅልፍ መንሳቱ ይበቃዋል።

ወደ ርጭት ልምጣ። ሁለት ዓይነት ባለሙያ አስመጥቻለሁ። የመጀመሪያው መርጫውን በጀርባው አዝሎ መጣ። ወለሉንና ግድግዳውን በሩብ ሰዓት ረጭቶ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ፍራሹን እንኳ አላነሳም። በሦስተኛው ሳምንት ትኋኑ ተመለሰ። ሁለተኛው ዋጋ ከመናገሩ በፊት አልጋውን ፈታታው። ራስጌው ውስጥ ያለውን ያገኘውም እሱ ነው። «እንቁላሉን መድኃኒቱ ሁሉን አይገድለውም፤ ሲፈለፈል እመለሳለሁ» ብሎ በ15 ቀኑ መጣ፣ ከዚያም አንዴ ደገመ። ከፍዬው የረካሁት ለእሱ ነው። እናንተም ስትደውሉ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የመድኃኒቱ ስም ማን ይባላል? ለመኖሪያ ቤት የተፈቀደ ነው? መቼ ትመለሳለህ? ሦስተኛውን የማይመልስ ሰው ርካሽም ቢሆን ይቅርባችሁ። ቤቱን በጭስ እንሙላው የሚላችሁንም አልመክርም። ጭሱ ስንጥቅ ውስጥ አይገባም፤ ትኋኑን ወደ ሌላ ክፍል ያባርረዋል።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ለእህል ነቀዝ የሚሸጠውን ክኒን መኝታ ቤት ውስጥ አታስቀምጡ። የሚለቀው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ነው። ሰው ይገድላል። በግድግዳ ስንጥቅ አልፎ ጎረቤትን የገደለበት አገር አለ። ለእርሻ የሚሸጠውን ማላታይንም ፍራሽ ላይ አትርጩ። ዲዲቲ ፈልጉልኝ የሚሉ አባቶችም አሉ። ትኋን ዲዲቲን መልመድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነውና አትድከሙ። በጣሳ የሚነፋው የሱቅ ስፕሬይ ያገኘውን ይገድላል፣ የተደበቀውን ግን አይነካውም።

ገንዘባችሁን የማስወጣችሁ ሙቀት ላይ ነው። ትኋንም እንቁላሉም 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድን አይችሉም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከበቂ በላይ ነው። የብረት አልጋ ካላችሁ የሚፈላ ውሃ በየመጋጠሚያው አፍስሱ። የቱቦው አፍ ክፍት ከሆነ ውስጡም ይግባ፤ እዚያ ነው የሚያድረው። ለጣውላ አልጋና ለፍራሽ ስፌት የእንፋሎት ካውያ ይሻላል። በጣም በዝግታ ሂዱ። ስፖንጁ እንዳይቀልጥ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። ብርድ ልብስን ማድረቂያ ማሽን ያለው ላውንደሪ ውሰዱት፤ ከደረቀ በኋላ በከፍተኛ ሙቀት 30 ደቂቃ ይዙርላችሁ። በፌስታል አስራችሁ ውሰዱ፣ ለላውንደሪውም እውነቱን ንገሩት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን አያዋጣም። ትኋኑ ወደ ጥላው ጎን ይዞራል።

ጫማና መጽሐፍ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ይገባል፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ አራት ቀን። መብራት ከጠፋ ቀኑን ከአንድ ጀምራችሁ ቁጠሩ።

ከገዛሁት ሁሉ የጠቀመኝ የፍራሽ ልብስ ነው። ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ዙሪያውን ዚፕ አድርጎ፣ ጥብቅ ብሎ ከተሸመነ ነጭ አቡጀዲ ሰፋልኝ። ትኋን የሚደበቅበት ስፌት የለውም፤ ነጠብጣብ ካለ ወዲያው ይታያል። የዚፑ ጫፍ ላይ የምትቀር ቀዳዳ አለች፣ እሷን በፕላስተር ዝጉ። አልጋውን ከግድግዳ አርቁ። እግሮቹን ጎንና ጎኑ ልሙጥ የሆነ የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ አቁሙና የሕፃን ፓውደር ነስንሱበት፤ ትኋን ይንሸራተታል። እናቶቻችን ጣሳ ውስጥ ነጭ ጋዝ ያደርጉ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነው፣ ጋዙ ግን እሳት ነው።

እንግዳ አቀባበሉስ? ጭንቀቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ወጋችን ግን መፍትሔውን ይዞታል። ድሮ ከመንገድ የመጣ ሰው እግሩ ይታጠብ ነበር። እኔ አሁን አክስቴን ከላምበረት መናኸሪያ ስቀበላት ሙቅ ውሃ አዘጋጅቼ ነው። «እትዬ፣ መንገድ አድክሞሻል፣ ታጠቢና ይህን ልበሺ» ብዬ ንጹሕ ቀሚስና ጋቢ እሰጣታለሁ። የመንገድ ልብሷን «ልጠብልሽ» ብዬ እወስዳለሁ። ሻንጣዋ አልጋ ላይ አይወጣም፤ ለእሱ ብዬ መግቢያው ላይ የፕላስቲክ ወንበር አድርጌያለሁ። በሶውና ቅቤው የመጣበትን ጆንያ ወጥ ቤት አላስገባም፤ በረንዳ ላይ አራግፈዋለሁ። ባለፈው ፋሲካ እንዲህ ስቀበላት መርቃኝ መርቃኝ አልጠግብ አለች።

አሁን እኔም ጥቆማ እፈልጋለሁ። ኮተቤ አካባቢ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ አንዴ የሚይዝ ትልቅ ማድረቂያ ያለው ላውንደሪ የምታውቁ ጻፉልኝ። የበፊቱ ማሽኑ ተበላሽቶበታል፣ አክስቴም ለጥምቀት ልትመጣ ነው።