ኤክስአርዲ (የክሪስታል ኤክስሬይ መለኪያ) ላይ ሁለት ፒክ (ጫፍ) አየሁ፤ ኦርቶሮምቢክ ነው ብዬ ልጻፍ?

ሳሮን፣ አዳማ
ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ ሥራዬ ሊድ የሌለበት ፒዞኤሌክትሪክ (ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ቁስ)፣ ማለትም ፖታሲየም ሶዲየም ናዮቤት (ኬኤንኤን) ስስ ፊልም በሶል-ጄል (ሶል የሚባል ፈሳሽ ቀብቶ በማሞቅ) እየሠራሁ ነው። ከሥሩ ፕላቲነም የተቀባ ሲሊከን ዋፈር አለ። ፈርነሱ (ማቃጠያ ምድጃው) 650° ሴልሺየስ ላይ እያለ መብራት ሄዶብኝ በራሱ ጊዜ ቀዘቀዘ። በመዳብ ጨረር ሲለካ 45.4° እና 46.2° ማዕዘን ላይ ሁለት ፒክ ወጣ፤ የፊተኛው ይረዝማል። ኦርቶሮምቢክ (ሦስት ጎኖቹ የተለያዩ የሆነ የክሪስታል ቅርጽ) ነው ወይስ መብራቱ ፌዙን (የክሪስታል ዓይነቱን) አበላሽቶብኛል? ሰኞ አማካሪዬ ዘንድ እቀርባለሁ፣ ድረሱልኝ።

ዱቄት ፈጪው
መብራቱን ተዪው እህቴ። ኬኤንኤን ሲቀዘቅዝ 420° አካባቢ ከኩቢክ (ጎኖቹ እኩል) ወደ ቴትራጎናል (አንድ ጎኑ የረዘመ)፣ 200° አካባቢ ደግሞ ወደ ኦርቶሮምቢክ ይገባል። ቀስ ብሎ መቀዝቀዙ ፊልሙ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል እንጂ አይጎዳም። በስተግራ ያለው ፒክ ሁለት እጅ ከረዘመ ኦርቶሮምቢክ፣ የቀኙ ከረዘመ ቴትራጎናል ነው። ስለዚህ ልክ ነሽ።

ቤተ ሙከራ ያሳደገኝ
ቆይ፣ ቆይ። ያ ሕግ ለዱቄት ነው። ፊልም ላይ ክሪስታሎቹ ወደ አንድ ወገን ስለሚያዘነብሉ በፒክ ቁመት መፍረድ አይቻልም። ከሁሉ በላይ 46.2° የፕላቲነም (200) የተባለው የአቶም ንጣፍ ፒክ መቀመጫ ነው! የኬኤንኤን ሁለተኛ ፒክ 46.0° አጠገብ ስለሚወድቅ ሁለቱ ይደራረባሉ። እኔንም ሁለት ወር አጫውቶኛል። ፊልም ያልተቀባበትን የዋፈር ቁራጭ ለኪና አወዳድሪ።

ማሞቂያ ያለው ኤክስአርዲ ከተገኘ እስከ 250° ሴልሺየስ እያሞቅሽ እዪ፤ የኬኤንኤኑ ፒኮች በሽግግሩ ሲለወጡ የፕላቲነሙ ፒክ ትንሽ ወደ ግራ ይሸሻል እንጂ ሌላ ነገር አያሳይም። ካልተገኘም ከላይ የወርቅ ኤሌክትሮድ አድርገሽ ካፓሲታንሱን (ቻርጅ የመያዝ አቅሙን) ከሙቀት ጋር ለኪ። 200° አካባቢ ጉብታ ካለ ሽግግሩ እሱ ነው።

ዱቄት ፈጪው
እውነትህን ነው፣ ፕላቲነሙን ጭራሽ ረስቼው።

የሐዋሳው
ጉብታው ከ200° ፈቀቅ ቢል ወይም ቢደበዝዝ አትደንግጪ። ሲሊከን ሲቀዘቅዝ እንደ ፊልሙ ስለማይኮማተር ፊልሙን ወደ ጎን ወጥሮ ይይዘዋል፤ ውጥረቱ የሽግግሩን ሙቀት ያንቀሳቅሰዋል። ሌላው፣ ፖታሲየምና ሶዲየም በሙቀት ይተናሉ። ሶሉ ላይ ትርፍ ጨምረሻል?

ሳሮን፣ አዳማ
10 በመቶ ጨምሬያለሁ። ባዶውን ዋፈር ዛሬ አስለካሁት፤ 46.2° ላይ ያው ፒክ ቁጭ ብሏል! «ኦርቶሮምቢክ» የሚለውን ሰርዤ ነው ሰኞ የምሄደው። አሁን የቀረኝ ኤልሲአር ሜትር (ካፓሲታንስ መለኪያ) መለመን ነው።