«ቦታውን ተዉት» ብያቸው ለምን ይዘገያሉ?

ጠያቂ (የሳይኮሎጂ ተማሪ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂ ኮርስ አነስተኛ ሙከራ እየሠራሁ ነው። ስክሪኑ መሀል የመደመር ምልክት አለ። ከዚያ ቀይ ወይም አረንጓዴ ካሬ በግራ ወይም በቀኝ ብቅ ይላል። ተሳታፊዎቹ ቀይ ከሆነ የግራውን ቁልፍ፣ አረንጓዴ ከሆነ የቀኙን ይጫናሉ። «ቀለሙን ብቻ እዩ፣ የወጣበትን ቦታ ተዉት» ብያቸዋለሁ። ግን ቀዩ በቀኝ ሲወጣ ይዘገያሉ። አረንጓዴው በግራ ሲወጣም ያው ነው። ስህተትም ይበዛል። አብዛኞቹ ቀኝ እጅ ስለሚቀናቸው ይሆን? ሪፖርቱ ደርሶብኛል፣ እባካችሁ እርዱኝ።

የላብ ረዳት፦
እህቴ፣ አትጨነቂ፣ ሙከራሽ ሠርቷል። ያገኘሽው ሳይመን ኢፌክት የሚባለውን ነው። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ሳይመን ከባልደረባው ጋር በ1967 (እ.ኤ.አ.) በድምፅ ነበር ያሳዩት። ሰዎች በጆሮ ማዳመጫ «ቀኝ» ወይም «ግራ» የሚል ቃል ይሰማሉ፣ ቃሉ ያዘዘውን ቁልፍ ይጫናሉ። «ቀኝ» የሚለው በግራ ጆሮ ሲመጣ ዘገዩ። ቃሉ የመጣበት ጆሮ ለሥራው ምንም አይጠቅምም ነበር።

ምክንያቱን ብዙ ተመራማሪዎች አእምሮ ውስጥ ጎን ለጎን በሚሄዱ ሁለት መንገዶች ያስረዱታል። ቦታው ሳንፈልገው በዚያው ወገን ያለውን ምላሽ ይቀሰቅሳል። ይሄ ፈጣን ነው። ቀለሙ ደግሞ በሰጠሻቸው ደንብ በኩል ያልፋል፣ ይዘገያል። ሁለቱ ሲጋጩ የተሳሳተው መገታት አለበት፤ መዘግየቱም ስህተቱም ከዚያ ይመጣል። በዕይታ ሙከራ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ ነው።

ዳታ የሚወድ፦
የቀኝ እጅ ጉዳይ በቀላሉ ይጣራል። የግራው ቁልፍ የተጫነበትን ብቻ ለይተሽ አውጪ። በዚያ ውስጥ ካሬው በግራ የወጣበትን በቀኝ ከወጣበት ጋር አወዳድሪ። እጁ አንድ ነው፣ ቀለሙም አንድ ነው፤ የተለየው ቦታው ብቻ ነው። ልዩነቱ እዚያም ካለ እጅን ከጥርጣሬ አውጪው።

ደግሞ እጅ ተጠላልፎ ሲሞከር፣ ማለትም ግራ እጅ የቀኙን ቁልፍ ሲጫን፣ ውጤቱ የሚከተለው የቁልፉን ቦታ ነው እንጂ እጁን አይደለም። ይሄን ሪፖርትሽ ላይ ጻፊው፣ ጥሩ ነጥብ ነው።

አንድ የጎደለሽ ነገር አለ። ለሁሉም ቀይ ግራ ነው ያደረግሽው። ለግማሾቹ ገልብጪው፣ አለዚያ ቀለሙና ቁልፉ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ልዩነት ቢታይ ከየትኛው እንደመጣ መለየት አትችይም።

ጠያቂ፦
ተባረኩ! አጣርቼ አየሁት፣ በግራው ቁልፍ ብቻም ልዩነቱ አለ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ይሄ ከፖስነር የትኩረት ሙከራ ጋር አንድ ነው? ደግሞ ከፊሎቹን በላፕቶፑ ኪቦርድ፣ ከፊሎቹን በብሉቱዝ ኪቦርድ ነው የፈተንኳቸው። ዳታው ተበላሸ ማለት ነው?

የላብ ረዳት፦
አንድ አይደለም። ብዙ ተማሪ ሁለቱን ያምታታል። በፖስነር ሙከራ ካሬው ከመውጣቱ በፊት ጠቋሚ ምልክት ይታያል። ምልክቱ ትክክለኛውን ቦታ ከጠቆመ ሰው ይፈጥናል፣ ከሳተ ይዘገያል። እዚያ ቁም ነገሩ ትኩረት ቀድሞ የት ነበር የሚለው ነው። አንቺ ጋ ግን ጠቋሚ የለም፤ የሚጋጩት የካሬው ቦታና የቁልፉ ቦታ ናቸው።

ፕሮግራመር፦
ስለ ኪቦርዱ፦ ብሉቱዝ መዘግየት ይጨምራል። ግን አንድ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ኪቦርድ ከሠራ፣ መዘግየቱ በሁለቱም ሁኔታ (ካሬውና ቁልፉ በአንድ ወገን ሲሆኑም ሲለያዩም) ስለሚደመር አንዱን ከሌላው ስትቀንሺ በአብዛኛው ይጠፋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ልዩነት አስልተሽ አማካዩን ውሰጂ። የሰዎቹን ጥቅል ፍጥነት እርስ በርስ ማወዳደር ግን አይሆንም። መዘግየቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል የብሉቱዙ ዳታ ትንሽ ይበተናል፣ የትኛው በየትኛው እንደተሠራ ግለጪ።

ካሬዎቹ ከመደመሩ ምልክት በግራም በቀኝም እኩል መራቃቸውንም ለኪልኝ። ካሬ ከመሀል በራቀ ቁጥር ምላሽ ይዘገያል። አንዱ ወገን ከራቀ ሌላ የቦታ ተጽዕኖ ውስጥ ይገባብሻል።

ጠያቂ፦
ለካሁት፣ እኩል ናቸው። ነገ የቀለሙን ደንብ ገልብጬ አዲስ ሰዎች እፈትናለሁ፣ በላፕቶፑ ኪቦርድ ብቻ።