አጥብቆ መያዝ ብቻውን ኢንዛይም ያደርጋል?

ባዮኬሚስትሪ ለምታውቁ ሁሉ፦ መውጫ ያጣሁለት ጥያቄ አለና እርዱኝ።

ፕሮቲን ሌላ ሞለኪውል የሚይዘው በቅርጹ፣ በኤሌክትሪክ ቻርጁና በሃይድሮጅን ትስስር መሆኑ ይገባኛል። ሄሞግሎቢን አራት የኦክስጅን ሞለኪውሎች ተሸክሞ ሳይለውጣቸው ያራግፋል። የሚያስቸግረኝ ኢንዛይሙ፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥነው ፕሮቲን ነው። ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ የተባለው ኢንዛይም በሰከንድ ወደ 1 ሚሊዮን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውሎች ይለውጣል፤ እርሱም ሥራውን የሚጀምረው በመያዝ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

የኬሚስቱን የሊነስ ፖውሊንግን መልስ አውቀዋለሁ፦ ኢንዛይም አጥብቆ የሚይዘው መነሻውን ሞለኪውል ሳይሆን በለውጡ መካከል ብልጭ ብሎ የሚያልፈውን የሽግግር ቅርጽ ነው። መነሻውን ከዚያ አስበልጦ ቢይዝማ መሻገሪያው ጭራሽ ይርቃል። እስከዚህ ያሳምናል። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ተመራማሪዎች የሽግግር ቅርጹን በሚመስል ሞለኪውል አማካይነት ያገኟቸው አንቲቦዲዎች (የሰውነት መከላከያ ፕሮቲኖች) ለውጡን ቢያፋጥኑም፣ እንዲህ ያሉ አንቲቦዲዎች በአብዛኛው ከተፈጥሮ ኢንዛይሞች እጅግ ቀርፋፎች ናቸው። የጎደላቸው ምንድን ነው?

ፕሮቲን በሚቆርጠው ኢንዛይም በካይሞትሪፕሲን ውስጥ ሂስቲዲን 57 የተባለው አሚኖ አሲድ ከሌላው አሚኖ አሲድ ከሴሪን 195 ፕሮቶን ይቀበላል (ቁጥሮቹ በሰንሰለቱ ላይ ያላቸው ቦታ ናቸው)፤ የሴሪኑ ኦክስጅንም የፔፕታይዱን (የሚቆረጠውን የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት) ካርቦን ያጠቃል። ይህ ቀጥተኛ ተሳትፎ የሽግግር ቅርጹን ከመያዝ ይቆጠራል ወይስ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው? የሁለቱን ድርሻ በኃይል መጠን ለይቶ የሚያሳይ ስሌት ያላችሁ ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል። ኢንዛይምና ሞለኪውሉ እንደ መቆለፊያና ቁልፍ ይገጥማሉ የሚለው ምሳሌ ግን ይቅርብኝ፤ ግራ ያጋባኝ እርሱ ነው።