ሐረር ጁገል ውስጥ ያለው የካቶሊክ ሚሽን ታሪኩ ምንድነው?

መንገደኛው፦
ሰላም ሐረሮች። ባለፈው ሳምንት ጁገልን ስዞር አንድ የካቶሊክ ቤተክርስቲያን አየሁ። 82 መስጊድ ያለበት ግንብ ውስጥ ካቶሊኮች እንዴት ገቡ? አስጎብኚዬን ብጠይቀው "የድሮ ነው" ብሎኝ ወደ ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ቤት ይዞኝ ሄደ።

የፈረስ መጋላ ልጅ፦
አስጎብኚህ ሰነፍ ነው 😀 ካፑቺኖቹ (የካቶሊክ መነኮሳት ናቸው) ከጳጳሳቸው ከሞንሴኘር ቶረን ካሃኝ ጋር ሐረር የገቡት በፈረንጅ 1881 ነው፤ ራምቦም ያኔ እዚሁ ቡናና ቆዳ ይነግድ ነበር። ከተማው በግብፆች እጅ ነበረ። ምኒልክ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ የያዙት በ1887 ስለሆነ፣ ሚሽኑ ከምኒልክ ጦር ቀድሞ ነው የገባው ማለት ነው። (የራምቦ ቤት የሚሉህም እሱ የኖረበት አይደለም፣ በኋላ የተሠራ የሕንድ ነጋዴ ቤት ነው።)

ሐረማያ፦
አባ ሳሙኤልን ረሳህ! ራስ መኮንን ለልጃቸው ለተፈሪ መምህር ሲፈልጉ የሚሽኑ ጳጳስ ሞንሴኘር ዣሮሶ ያገኙላቸው ሚሽኑ ያሳደገውን አባ ሳሙኤልን ነው። በ1907 ዓ.ም. ሐረማያ ሐይቅ ላይ ጀልባዋ ሰጠመችና እሳቸው እዚያው ቀሩ፣ ተፈሪ ግን ተረፉ። ተፈሪም ቢቀሩ ኖሮ ታሪካችን ምን ይመስል እንደነበር እንጃ።

ቆቦ፦
ሁሉም ጥሩ፣ ግን የመጡት ሃይማኖት ሊያስቀይሩ ነው። እሱንም አንርሳ።

የፈረስ መጋላ ልጅ፦
ልክ ነህ፣ ማን ካደ? ግን ከተማው የሚያነሳቸው በሌላ ነገር ነው። በፈረንጅ 1901 ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር ከፈቱ፤ ሰው ሁሉ ሲሸሻቸው ማለት ነው። ማተሚያ ቤትም ነበራቸው፣ በፈረንጅ ከ1905 ጀምሮ በፈረንሳይኛ ጋዜጣ ያወጡ ነበር።

እናት ሐረር፦
አያቴ ሙስሊም ናት፣ ሶላት አታልፍም። ፊደል የቆጠረችው ግን እዚያ ሲስተሮቹ ጋ ነው። ማንም ክርስቲያን ሁኚ አላለኝም ትላለች፣ ጥፍሯን ግን በየቀኑ ያዩባት ነበር። እስካሁን ለረመዳን ሳንቡሳ ስትጠቀልል በፈረንሳይኛ "አን፣ ዶ፣ ትሯ" እያለች ነው የምትቆጥረው። ሃያ ላይ ስትደርስ ይጠፋባትና በአደርኛ ትቀጥላለች።

መንገደኛው፦
ሃሃ፣ አያትሽን ሰላም በይልኝ። ውስጡን ለማየት መቼ ልሂድ?

እናት ሐረር፦
እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ሲኖር ሂድ። አስጎብኚህን ግን ተወው።