የታደሰው «ኤ ሃርድ ዴይስ ናይት»፦ የድሮውን ዲቪዲ ልተካው?

አራት ኪሎ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሪቻርድ ሌስተር እ.ኤ.አ. በ1964 ስላዘጋጀው የእንግሊዙ የሙዚቃ ቡድን የቢትልስ የመጀመሪያ ፊልም፣ ማለትም ስለ «ኤ ሃርድ ዴይስ ናይት» የምታውቁ ሁሉ ምክራችሁን እንድትለግሱኝ እጠይቃለሁ። በእጄ ያለው ከአውሮፓ የመጣልኝ የቆየ ዲቪዲ ነው። ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ ለገና ወደ አዲስ አበባ ስለምትመጣ፣ ክራይቴሪየን የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ያወጣውን የታደሰ ቅጂ ይዛልኝ እንድትመጣ ላስቸግራት አስቤአለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ግልጽ ያልሆኑልኝ ነገሮች አሉ። ከታደሰው ቅጂ የተወሰዱ ምስሎችን ስመለከት በቢትልስ ልጆች ፊት ላይም ሆነ በሰማዩ ላይ የሚርመሰመስ ደቃቅ ነጠብጣብ ይታየኛል። ፊልሙ ታድሷል ከተባለ ይህ ለምን ሳይጸዳ ቀረ? እንደዚሁም ዲስኩ ሞኖ (በአንድ መስመር የሚመጣ)፣ ስቴሪዮ (ከግራና ከቀኝ የሚመጣ) እና 5.1 (በዙሪያ ካሉ ድምፅ ማጉያዎች የሚመጣ) የሚሉ ሦስት የድምፅ ምርጫዎች እንዳሉት አንብቤአለሁ፤ ለዚህ ፊልም የሚስማማው የትኛው ነው? ማጫወቻዬ ከዱባይ የተገዛ ብሉ ሬይ ሲሆን ቴሌቪዥኔም መካከለኛ መጠን ያለው ነው።

ሸራና ብርሃን፦ ስለ ነጠብጣቡ እኔ ልመልስልዎ። ያዩት ነገር ቆሻሻ አይደለም፤ የፊልሙ የራሱ ቅንጣት ነው። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ምስሉን የሚሠሩት ብርሃን ያገኛቸው የብር ቅንጣቶች ስለሆኑ፣ እነርሱን ማጥፋት ማለት ምስሉን ራሱን መፋቅ ማለት ነው። ቅንጣቱን በኮምፒውተር አጥፍተው የሚያወጧቸውን የድሮ ፊልሞች ብንመለከት የሰዎቹ ቆዳ ሰም የተቀባ ይመስላል፣ ጸጉራቸውም ዘለላው ጠፍቶ አንድ ወጥ ጥቁር ነገር ይሆናል። የቢትልስ ጸጉር ደግሞ በዚያ ዘመን የዓለም መነጋገሪያ የነበረ ነውና ይህ እንዲደርስበት አልፈልግም።

መጽዳት የነበረበት ጭረቱ፣ አቧራው፣ የፊልሙ መንቀጥቀጥና የብርሃኑ መርገብገብ ነው፤ እርሱም በሚገባ ጸድቷል። እድሳቱ የተሠራው ፊልሙ 50ኛ ዓመቱን በያዘበት እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን፣ መነሻው በካሜራው ውስጥ ያለፈው ዋናው የ35 ሚሊ ሜትር ኔጋቲቭ ነው። ይህ ኔጋቲቭ በጥሩ ሁኔታ ላይ ቢገኝም ሙሉ ስላልነበረ፣ የጎደለው ክፍል ከኔጋቲቩ ከተባዙ ሁለት መካከለኛ ፖዘቲቭ ቅጂዎች ተወስዶ ተሞልቷል። ሁሉም በ4ኬ (ከብሉ ሬይ በሚበልጥ) ጥራት ስካን ከተደረገ በኋላ ውጤቱን ሌስተር ራሱ አይቶ አጽድቆታል። የምስሉ ስፋትም 1.75 ለ1 እንዲሆን ተደርጓል። ለእኔ ትልቁ ዋስትና የአዘጋጁ ማጽደቅ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ፊልም ውስጥ ስህተት የሚመስሉ፣ ነገር ግን ሆን ተብለው የተተዉ ብዙ ነገሮች አሉ።

አንዱን ላንሳ። «አንድ አይ ላቭ ኸር» በሚዘፈንበት ቦታ ካሜራው በፖል ማካርትኒ ዙሪያ ሲዞር የመድረኩ መብራት በቀጥታ ሌንሱ ውስጥ ይገባና ፊቱ ለአፍታ በነጭ ብርሃን ይዋጣል፤ ከዚያም ጠርዙ ብቻ እያበራ ከጨለማው ተመልሶ ይወጣል። የካሜራ ባለሙያው ጊልበርት ቴይለር ነበር፤ በዚያው ዓመት ለሕዝብ የቀረበውን የስታንሊ ኩብሪክን «ዶክተር ስትሬንጅላቭ»፣ በኋላም በ1977 የወጣውን «ስታር ዋርስ» ያነሣ ሰው ነው። በአሮጌው ዲቪዲ ላይ ይህ ቦታ ግራጫ ጭጋግ ብቻ ነው። በታደሰው ላይ ግን ነጩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ፣ የጉንጩ መስመርም በውስጡ እንዴት እንደሚሟሟ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የባቡሩን ጭነት ክፍልም ይመልከቱ፤ በሽቦ አጥሩ ውስጥ ሆነው ሲዘፍኑ የሽቦው ጥላ በፊታቸው ላይ እየተንቀሳቀሰ ያልፋል።

ዩናይትድ አርቲስትስ ፊልሙን ያሠራው በዋናነት የፊልሙን ሙዚቃ በሸክላ ለመሸጥ አስቦ ስለነበር ገንዘቡም ጊዜውም ጥቂት ነበር። ቀረጻው መጋቢት ወር ላይ ተጀምሮ በሚያዝያ ተጠናቀቀ፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1964 ደግሞ ለንደን ፓቪሊዮን ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ጥቁርና ነጭ የሆነውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ይህን ሁሉ የማነሣው ጥድፊያው በምስሉ ላይ የሚታይ ስለሆነ ነው፤ በእጅ የተያዘ ካሜራ፣ በእውነተኛ ባቡር ውስጥ በመስኮት የሚገባ ብርሃን፣ በሩጫ መካከል የሚደበዝዝ ትኩረት ሁሉ አሉበት። ጥሩ እድሳት እነዚህን አያስተካክልም፤ በግልጽ እንድናያቸው ብቻ ያደርጋል።

ባለ ጊታሩ፦ ሸራና ብርሃን ስለ ምስሉ ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። እኔ ዲቪዲውን ይተኩ የምለው ግን ከምስሉ በፊት በድምፁ ምክንያት ነው። ፊልሙ የተነሣው በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲሆን፣ ለአውሮፓ ገበያ የሚወጡት የፓል (የአውሮፓ ቴሌቪዥን ሥርዓት) ዲቪዲዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 25 ፍሬም እንዲሄዱ ተደርገው የሚዘጋጁ ናቸው። በዚህ ምክንያት የ87 ደቂቃው ፊልም ከሦስት ደቂቃ በላይ ያጥራል፤ የድምፅ ማስተካከያ ካልተደረገለትም ዘፈኖቹ በሙሉ ከሴሚቶን (በሙዚቃ ከአንድ ድምፅ ወደ ቀጣዩ ያለ ትንሹ ደረጃ) ግማሽ በላይ ከፍ ይላሉ። ጊታርዎን ከአልበሙ ጋር አስማምተው ፊልሙን ቢከፍቱ የመጀመሪያው ኮርድ (በአንድነት የሚመቱ ድምፆች) ላይ ወዲያውኑ ይሰማዎታል። ያ ኮርድ የጆርጅ ሃሪሰን ባለ 12 ክር ሪከንባከር ጊታር የሚጮህበት፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1964 የተቀረጸ የዘመኑ ታላቅ መክፈቻ ነው፤ ፈጥኖና ቀጥኖ ሲመጣ ክብደቱን ያጣል። ብሉ ሬዩ በ24 ፍሬም ስለሚሄድ ዘፈኖቹ ወደ ትክክለኛ ቁልፋቸው (የድምፅ ከፍታቸው) ይመለሳሉ።

ስለ ሦስቱ ምርጫዎች ከጠየቁኝ ሞኖውን ይምረጡ። በ1964 ተመልካቹ በሲኒማ ቤት የሰማው እርሱን ነው፤ ንግግሩ፣ የልጃገረዶቹ ጩኸትና ዘፈኑ ከአንድ ቦታ እየመጡ አብረው ይኖራሉ። ስቴሪዮውንና 5.1ውን የሠሩት ጃይልስ ማርቲንና ሳም ኦኬል ናቸው፤ ጃይልስ የቢትልስ ፕሮዲውሰር የነበረው የጆርጅ ማርቲን ልጅ ነው፣ ሥራውም የተሠራው በአቢ ሮድ ስቱዲዮ ነው። ጥራቱ የሚያጠያይቅ አይደለም። ሆኖም ከንግግር ወደ ዘፈን ሲታለፍ ድምፁ በድንገት ከግራና ከቀኝ ይሰፋና ከባቡሩ ወጥተን ስቱዲዮ የገባን ያህል ይሰማኛል። በዚያ ላይ በመጨረሻው የቴአትር ቤት ትዕይንት ከሚቀርቡት ዘፈኖች አንዱ «ሺ ላቭስ ዩ» ነው፤ የ1963ቱ ዋና የቀረጻ ቴፕ ስለሌለ የተረፈው የሞኖ ማስተሩ (ተቀናብሮ ያለቀው ቅጂ) ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘፈን ላይ ከሌሎቹ ጋር እኩል የሆነ ስፋት መጠበቅ አይቻልም።

የቀበና ልጅ፦ በአክብሮት በዚህ አልስማማም። ሞኖው የታሪክ ሰነድ ነው፣ ይጠበቅ፤ ነገር ግን ፊልሙን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው 5.1ው ሌላ በር ይከፍታል። «አይ ሹድ ሃቭ ኖውን ቤተር» ላይ የጆን ሌነን ሃርሞኒካና የፖል ቤዝ ተለያይተው ሲሰሙ፣ ሁለቱ እንዴት እንደሚጠባበቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ይገባናል። ይህ ፊልም ከሁሉ በፊት የሙዚቃ ፊልም ነውና ሙዚቃው ቢሰፋ ቅር ልንሰኝ አይገባም። ጠያቂያችን መጀመሪያ በሞኖ፣ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ በ5.1 ቢያዩት መልካም ነው እላለሁ።

ሌላም ልጨምር። በ1982 ፊልሙ እንደገና ሲኒማ ቤት ሲገባ በፎቶግራፎች የተሠራ መቅድም ተጨምሮበት ስለነበር፣ በቪዲዮ ካሴት ዘመን ያየነው ብዙዎቻችን ፊልሙ እንደዚያ የሚጀምር ይመስለን ነበር። በታደሰው ቅጂ መቅድሙ ወጥቷል፤ ጥቁር ሸራ፣ ያ ኮርድ፣ ከዚያም ወደ ካሜራው የሚሮጡት ልጆች። መሆንም ያለበት እንዲህ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንግ፦ እህትዎ ገዝተው ከመነሣታቸው በፊት የክልል ኮዱን፣ ማለትም ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚከፈት የሚወስነውን ምልክት ያስቡበት። የክራይቴሪየን ብሉ ሬይ ለክልል «ኤ» የተቆለፈ ነው፤ ይህም ሰሜንና ደቡብ አሜሪካን የሚጨምር ክልል ነው። አፍሪካ፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ ግን በክልል «ቢ» ውስጥ ስለሆኑ ከዱባይ የተገዛ ማጫወቻ ሳይከፍተው ሊቀር ይችላል። በ2022 የወጣው እትም የ4ኬ ዲስክ አለው፤ የ4ኬ ዲስኮች የክልል ገደብ የለባቸውም። ነገር ግን እርሱን ለማየት የ4ኬ ማጫወቻ ያስፈልጋል፤ አብሮት ያለው ብሉ ሬይም ያው የክልል «ኤ» ነው። ለእርስዎ የሚሻለው በእንግሊዝ አገር ሰከንድ ሳይት የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣውን ብሉ ሬይ መፈለግ ይመስለኛል፤ ሲገዙ ሽፋኑ ጀርባ ላይ «ቢ» የሚል ምልክት መኖሩን ያረጋግጡ። በመካከለኛ ቴሌቪዥን ላይ በብሉ ሬዩና በ4ኬው መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው፤ ከዲቪዲው ወደ ብሉ ሬይ ያለው ግን ሰፊ ነው።

አራት ኪሎ፦ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የማጫወቻዬን መመሪያ አውጥቼ ስመለከት በእርግጥም የክልል «ቢ» ነው፤ ስለዚህ እህቴን ከማስቸገር ለንደን ያለው የአጎቴ ልጅ የእንግሊዙን እትም እንዲልክልኝ እጠይቃለሁ። ቅንጣቱን በተመለከተ የተሰጠኝ ማብራሪያ በጣም ረድቶኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ ፊልሙን በትክክለኛው ፍጥነት ለማየት በማጫወቻው ላይ የማስተካክለው ነገር አለ?

ባለ ጊታሩ፦ አለ። በማጫወቻው የምስል ቅንብር ውስጥ የ24 ፍሬም ውጤት የሚለውን ይክፈቱት፤ ብዙ ጊዜ ዝግ ሆኖ ነው የሚመጣው። የዘፈኖቹ ቁልፍ በዚህ አይለወጥም፣ ምክንያቱም ድምፁ በዲስኩ ላይ ራሱ ትክክል ነው፤ የሚጠቅመው ለእንቅስቃሴው ነው፤ ካሜራው ሲዞር ምስሉ እየተንገጫገጨ እንዳይሄድ ያደርጋል። በቴሌቪዥኑ በኩል ደግሞ እንቅስቃሴ ማለስለሻውንና የምስል ጥራት መጨመሪያውን ያጥፏቸው፤ እነርሱ ክፍት ከሆኑ ያ ሁሉ የተጠበቀው ቅንጣት ቤትዎ ውስጥ መልሶ ይጠፋል።