ቪኤ ሬዚደንሲ፦ የሰሌክቲቭ ሰርቪስ ወረቀት ላይ ቆሜያለሁ

ሰላም ወገኖች። ቪኤ (የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ሆስፒታል ውስጥ ለፒጂዋይ 1 (ከምረቃ በኋላ የመጀመሪያ ዓመት) የፋርማሲ ሬዚደንሲ፣ ማለትም የሥራ ላይ ሥልጠና፣ በማች (አመልካቾችንና ፕሮግራሞችን በሚያጣምረው ምደባ) ተመድቤያለሁ፤ ሥራው ጁላይ 1 ይጀምራል። ዜግነት ስላለኝ በዚያ በኩል ችግር የለም። የቅጥር ክፍሉ ግን የሰሌክቲቭ ሰርቪስ (ለውትድርና ጥሪ የሚደረግ የወንዶች ምዝገባ) ማስረጃ አምጣ አለ። አሜሪካ የገባሁት 26 ዓመት ካለፈኝ በኋላ ስለሆነ ምዝገባው አይመለከተኝም፤ ድረ ገጹ ላይ ሲፈለግ ደግሞ ስሜ አይገኝም፣ መመዝገብም አልችልም። የስታተስ ኢንፎርሜሽን ሌተር (መመዝገብ ይጠበቅብኝ እንደነበር ወይም እንዳልነበር የሚገልጽ ደብዳቤ) እንዲጽፉልኝ ፎርሙን የመግቢያ ማህተም ካለበት የፓስፖርት ገጽ ጋር ልኬ እየጠበቅኩ ነው።

ደብዳቤው እስኪደርስ የፓስፖርቱን ገጽና የድሮውን ግሪን ካርድ ኮፒ የተቀበለላችሁ አለ? ዋናውን ዜግነት ስወስድ መልሻለሁ፤ ኮፒው ላይ ግን ነዋሪ የሆንኩበት ቀን በግልጽ ይነበባል። ከፊርማ ጋር የጽሑፍ ማብራሪያስ ያስፈልጋል?

ሌላው የፋርማሲስትነት ፈቃድ ነው። ቪኤ የየትኛውንም ስቴት ፈቃድ ይቀበላል፤ የኤኤስኤችፒ (ሬዚደንሲዎችን የሚገመግመው የፋርማሲስቶች ማኅበር) ደንብ ደግሞ ከጀመርኩ በ120 ቀን ውስጥ እንዳወጣ ያዛል። ናፕሌክስን (አገር አቀፉን የፋርማሲስት ፈተና) አልፌያለሁ፤ ኤምፒጄኢ (የፋርማሲ ሕግ ፈተናው) ግን በየስቴቱ ስለሚለያይ ሆስፒታሉ ያለበትን ስቴት የፋርማሲ ቦርድ (ፈቃድ ሰጪውን አካል) ከመጠበቅ ቶሎ የሚጨርስ ሌላ ቦርድ ብመርጥ ይሻላል? የጣት አሻራ የማያጓትት የትኛው ነው?